ሜዞ ሶፕራኖ ከማልታ ተነሥታ የት ትደርሳለች? የሥልጠናውንና የሙያውን መንገድ የምታውቁ አስረዱኝ

እናት ዘማልታ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። ማልታ ከገባሁ 18 ዓመት ሆኖኛል። ልጄ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስትሆን አሁን 17 ዓመቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በማኅበረሰባችን የእሑድ ጉባኤ ስትዘምር ኖራለች፤ ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ የትምህርት ቤቷ የሙዚቃ መምህር ድምፅ ለምታሠለጥን አንዲት ባለሙያ ወስዳ አሰማቻት፤ ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ሰዓት ትማራለች። አሠልጣኟ የልጅቱ ድምፅ ሜዞ ሶፕራኖ እንደሆነ፣ ማለትም ከሶፕራኖ ዝቅ ብሎ ከአልቶ ከፍ የሚል የሴት ድምፅ መሆኑን ነግራኝ፣ ፍላጎቱ ካላት ለኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት) መግቢያ ፈተና ልትዘጋጅ እንደምትችል ገልጻልኛለች። እኔ የምሠራው አረጋውያንን በመንከባከብ ነው፤ ስለ ኦፔራ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ባለፈው ወር ቫሌታ በሚገኘው የማኖኤል ቲያትር ከላይኛው ሰገነት ርካሹን ወንበር ይዘን ተቀመጥን። አንዲት ማልታዊት ሜዞ ሶፕራኖ ያለ ማይክሮፎን ስትዘፍን፣ ድምፅዋ ከታች ከመድረኩ ተነሥቶ አጠገቤ ተቀምጦ እንደሚናገር ሰው ሆኖ ደረሰኝ። ልጄ እጄን እንደያዘች እስከ መጨረሻው አልለቀቀችኝም። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ «እማ፣ እኔ የምፈልገው ይህንን ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ሥልጠናው ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ከዚህች ትንሽ ደሴት የተነሣ ዘፋኝ ወዴት ይሄዳል? በሙያውስ መኖር ይቻላል? አንድ ተጨማሪ ጭንቀት አለብኝ። ኅብረ ዝማሬ የሚመራ አንድ ሰው የልጅሽ ድምፅ ወፍራም ስለሆነ «ካርመን» ከተባለው ኦፔራ ካርመን የምትዘፍነውን «ሀባኔራ» አዘጋጅታ ለውድድር ትቅረብ ይለኛል፤ አሠልጣኟ ግን አሁን አይሆንም ብላ ከልክላለች። የማንን ቃል ልስማ?

አልቶ ከሽቱትጋርት

እህቴ፣ በጀርመን የድምፅ ትምህርት ጨርሼ በአንድ ከተማ ቲያትር ኮረስ (የዘፋኞች ቡድን) ውስጥ 11 ዓመት የዘፈንኩ ስለሆንኩ ከልምዴ ልንገርሽ። የአሠልጣኟን ቃል ስሚ።

ምክንያቱን ግን በደንብ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሰውየው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ለማለት አልችልም። የ«ሀባኔራ» ዜማ ከፍ ብሎ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ አብዛኛው በመካከለኛው የድምፅ ክፍል ውስጥ የሚመላለስ በመሆኑ የ17 ዓመት ልጅ ኖታውን አንብባ ልትዘልቀው ትችላለች። ጉዳቱ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። ልጅቱ የሰማቻቸው ካርመኖች ሁሉ የ35 እና የ40 ዓመት ሴቶች ናቸው፤ እነርሱን ለመምሰል ስትል የምላሷን ሥር ወደ ታች ተጭና፣ ድምፅዋን ወደ ጉሮሮዋ ውጣ፣ ሰው ሠራሽ ጥቁረት ትሰጠዋለች። ያ ልማድ ከያዛት በኋላ ለማስተው ዓመታት ይፈጃል። እኔ ራሴ በ19 ዓመቴ እንዲሁ ያለ ምክር ሰምቼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመካከለኛው ድምፄ ወደ ላይኛው በተሻገርኩ ቁጥር ድምፄ እየተሰበረ ስቸገር ኖሬአለሁ።

የሜዞ ድምፅ ዋናው ሥራ ይህ መሻገሪያ ነው። ከደረት ድምፅ ወደ መካከለኛው የምታልፍበት አንድ በር አለ፤ ከመካከለኛው ወደ ራስ ድምፅ የምታልፍበት ሌላ በር አለ። አድማጩ በሮቹን መስማት የለበትም፤ ከታች እስከ ላይ አንድ ድምፅ ብቻ መስማት አለበት። ለዚህ ሲባል ልጅሽ ወለል ላይ በጀርባዋ ተኝታ፣ ሆዷ ላይ መጽሐፍ አስቀምጣ፣ ትንፋሽ ስትስብ መጽሐፉ ሲነሣ፣ ስታወጣም ቀስ ብሎ ሲወርድ እያየች ትለማመዳለች። ደጋግማ «ኢ» እና «ኡ» እያለች በአምስት ድምፅ መሰላል ስትወጣና ስትወርድ ብትሰሚያት፣ ገንዘቤ በከንቱ ፈሰሰ ብለሽ አትዘኚ። አሠልጣኟ የምትሰጣት የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን የጣልያን አጫጭር ዘፈኖች ከሆኑ፣ ቀጥሎም ሞዛርት በኦፔራው የጻፈውን የኬሩቢኖን ሚና ካስጀመረቻት፣ በጥሩ እጅ ላይ ናት።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ዲግሪ አራት ዓመት፣ ማስተርሱ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም በአንድ ቲያትር የወጣቶች ስቱዲዮ (የተግባር ሥልጠና) አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያ ቋሚ ሥራዋን በ26 ወይም በ27 ዓመቷ ካገኘች ዘግይታለች አይባልም። ዝቅ ያሉና ክብደት ያላቸው ድምፆች ዘግይተው ይበስላሉ። ጣልያናዊው የኦፔራ ደራሲ ቨርዲ የጻፋቸውን ትልልቅ የሜዞ ክፍሎች (ሚናዎች) ከ30 ዓመት በፊት የሚነካ ጥንቁቅ ዘፋኝ እምብዛም የለም።

የሦስቱ ከተሞች ነዋሪ

እኔም ማልታ ነው የምኖረው፤ ቤቴ ከቫሌታ ወደብ ማዶ ነው። እናት ዘማልታ፣ «ትንሽ ደሴት» ያሉት እውነት ቢሆንም፣ ልጅዎ ያለችበትን ቦታ ታሪክ ብታውቁት ልባችሁ ይበረታል ብዬ ስላሰብኩ ትንሽ ልጻፍ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የተቀመጣችሁበት ማኖኤል ቲያትር በ1731 ተሠርቶ በጥር 1732 የተከፈተ ነው። ስሙን የወሰደው ካሠሩት፣ ያን ጊዜ ማልታን ይገዛ ከነበረው የቅዱስ ዮሐንስ ባላባቶች ማኅበር መሪ፣ ከአንቶኒዮ ማኖኤል ዴ ቪሌና ነው። ሰገነቶቹ ከእንጨት የተሠሩ፣ በወርቅ ቅብ ያጌጡ ናቸው፤ መቀመጫው ከ700 ያነሰ በመሆኑ አንድ ወጣት ድምፅ ሳይጮኽ ሊሞላው ይችላል። እንዲህ ያለ ቤት ባጠገቧ ያላት ተማሪ ዕድለኛ ናት፤ ብዙዎች የመጀመሪያ አሪያቸውን (በኦፔራ ውስጥ ብቻቸውን የሚዘፍኑትን ዘፈን) በሺህ ወንበር አዳራሽ ዘፍነው ነው ድምፃቸውን መግፋት የሚለምዱት።

በከተማው በር አጠገብ ደግሞ ዓምዶቹ ብቻ የቆሙ ፍርስራሽ አለ። እርሱ በ1866 የተከፈተው የንጉሣዊው ኦፔራ ቤት ነው። በ1873 ተቃጠለ፤ ተጠግኖ በጥቅምት 1877 ሲከፈት የቀረበው የቨርዲ «አይዳ» ነበር፤ የኢትዮጵያዊቷ ልዕልት ታሪክ ማለት ነው። ይህንን ባወቅኩ ቀን ከፍርስራሹ ፊት ለፊት ቆሜ ብዙ ቆየሁ። በሚያዝያ 1942 በጀርመን ቦምብ ፈረሰ፤ እንደገና አልተሠራም፤ ከ2013 ወዲህ በአርክቴክቱ ሬንዞ ፒያኖ ንድፍ ጣሪያ የሌለው መድረክ ሆኖ ያገለግላል።

ቤቱ ቢፈርስም ዘፋኞቹ አልጠፉም። ከሐምሩን ከተማ የወጣው ቴነር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ያለው ዘፋኝ) ኦሬስቴ ኪርኮፕ በለንደን መድረኮች ዘፍኖ፣ በ1956 በሆሊውድ ፊልም እስከ መሥራት ደርሷል። ሶፕራኖዋ ሚርያም ጋውቺ የፑቺኒን ኦፔራ «ማዳማ በተርፍላይ» በዲስክ ቀድታ በዓለም ታውቃለች። ጆሴፍ ካሌያ በ16 ዓመቱ ከቴነሩ ከፖል አሽያክ ዘንድ መማር ጀመረ፤ አሽያክ በለንደኑ የኦፔራ ቤት በኮቨንት ጋርደን የዘፈኑ ሰው ነበሩ፤ ዕውቀታቸውን ይዘው ወደ ደሴቲቱ በመመለሳቸው ነው ካሌያ ማልታ ተቀምጦ ሊሠለጥን የቻለው። በ1997፣ በ19 ዓመቱ፣ ጎዞ ደሴት በሚገኘው አስትራ ቲያትር በቨርዲ «ማክቤት» ማክደፍን ሆኖ ጀመረ፤ በ2006 ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቤት ደረሰ። እርግጥ እርሱ ቴነር ነው፤ የወንድና የሴት ድምፅ አበሳሰል ስለሚለያይ የእርሱን ዕድሜ ለልጅዎ መለኪያ አታድርጉት።

ስለ ጎዞ አንድ ነገር ልጨምር። ቪክቶሪያ በምትባለው ዋና ከተማ፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ አስትራ እና አውሮራ የሚባሉ ሁለት የኦፔራ ቤቶች አሉ። የሁለት የባንድ ማኅበራት ንብረት ናቸው፤ ማኅበራቱ በሁለት አጥቢያዎች ዙሪያ የቆሙ ተፎካካሪዎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በየዓመቱ በኦክቶበር አንድ ትልቅ ኦፔራ ያቀርባሉ። ዋና ዋናዎቹን ክፍሎች ከውጭ የመጡ ዘፋኞች ቢይዙም፣ ኮረሱ የአካባቢው ሰው ነው። ልጅዎን ይዛችሁ ሂዱ፤ በማልታ በኩል ካለው ወደብ፣ ከቺርኬዋ የሚነሣው ጀልባ ግማሽ ሰዓት እንኳን አይፈጅም።

መዘምር ዘአዲስ

አንድ ጥያቄ አለኝ። እኅታችን ልጅቷ መዝሙር ስትዘምር ማደጓን ጽፈዋል። የእኛ አዘማመር ድምፅ በጉሮሮ እየተሰበረ፣ እየተንቀጠቀጠ የሚወጣበት ስለሆነ፣ ለኦፔራ ሥልጠና እንቅፋት አይሆንም ወይ? መዝሙሩን ተዪ እንዳይሏት ሰጋሁ።

አልቶ ከሽቱትጋርት

ወንድሜ፣ ሥጋትህ ይገባኛል፤ እኔንም አንድ መምህር ተዪው ብለውኝ ነበር፤ ሌላዋ መምህሬ ግን ዘምሪልኝ ብለው ካደመጡኝ በኋላ ፈጽሞ እንዳልተው ነገሩኝ። ሁለት ነገር መለየት ይገባል። በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት ስንዘምር ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው በፍጥነት የምንሸጋገርበት ችሎታ ቅልጥፍና ነው። በሮሲኒ ኦፔራዎች ሜዞዎች የሚዘፍኗቸው የሮዚና እና የአንጀሊና ክፍሎች ዋናው ፈተናቸው ይኸው ቅልጥፍና ስለሆነ፣ ጆሮዋም ጉሮሮዋም አስቀድሞ የለመደው ልጅ ትጠቀማለች። አስቸጋሪው ድምፁን በጠባቡ ጨብጦ መያዝ ነው፤ ማይክሮፎን ባለበት ስፍራ ይህ ያምራል፤ ከ60 የኦርኬስትራ ሰዎች በላይ ለመሰማት ግን ጉሮሮ ክፍት፣ ትንፋሽም ፈሳሽ መሆን አለበት። ኦርኬስትራ ጉልበቱ በአብዛኛው በዝቅተኛው የድምፅ ክልል ሲሆን፣ የሠለጠነ ድምፅ ግን ወደ 3,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) አካባቢ የሚያበራ ብርሃን ይይዛል፤ እኅታችን ሰገነት ላይ ሆና የሰማችው፣ ያለ ማይክሮፎን የደረሳት ድምፅ ያ ነው። ሁለቱን አዘማመር ለይታ ማወቅ ትችላለች፤ በሁለት ቋንቋ እንደምትናገረው ማለት ነው።

ቋንቋ ካነሣን ዘንድ፣ የማልታ ልጅ መሆኗ ትልቅ ስንቅ ነው። ማልትኛ ሴማዊ ቋንቋ በመሆኑ ለእኛም ቅርብ ነው፤ ልሳንን «ኢልሲየን»፣ ሞትን «መውት»፣ ዐይንን «ዓይን» ይሉታል። በዚያ ላይ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት፣ ጣልያንኛ በቴሌቪዥን ከሲሲሊ ሲሰሙ ያድጋሉ። የጀርመንና የኮሪያ የክፍል ጓደኞቼ አንድ የጣልያንኛ አናባቢ በትክክል ለማውጣት ስንት ወር እንደለፉ አይቻለሁ። የሚቀራት ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ነው፤ አሁኑኑ ትጀምር።

ሒሳብ ዐዋቂዋ

የሚያበረታታው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እናቲቱ የጠየቁት ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር። እኔ በዚህ ሙያ የሚኖር ባለቤት አለኝ፤ እርሱ ባሪቶን (መካከለኛ የወንድ ድምፅ) ነው፤ የቤታችን ገቢና ወጪ በእኔ እጅ ስለሆነ የማውቀውን በግልጽ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ የትምህርቱ ወጪ። የማልታ ዘፋኞች ከቀድሞ ጀምሮ ወደ ለንደን መሄድ ያዘወትሩ ነበር። ከ2021 ወዲህ ግን እንግሊዝ የአውሮፓ ኅብረት ተማሪዎችን እንደ ሌላው የውጭ ተማሪ ስለምታስከፍል፣ ያ መንገድ ነፃ ትምህርት ዕድል ላላገኘ ሰው በጣም ውድ ሆኗል። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ክፍያ የላቸውም፤ ሆኖም የባደን ቩርተምበርግ ክልል ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ዜግነት ያላቸውን በመንፈቅ 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፤ እንደ ስደተኛ እውቅና ላገኙ ግን ከዚህ ነፃ የሚሆኑበት ድንጋጌ አለ። የጣልያን ኮንሰርቫቶሪዎች ክፍያቸውን በቤተሰብ ገቢ ይወስናሉ። ስለዚህ እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት የልጅዎን የዜግነት ወረቀት አጣርተው ይያዙ። አንድ ቤተሰብ ልጃቸው ፈተናውን ካለፈች በኋላ በወረቀት ጉድለት ዓመት ሲያቃጥሉ አይቻለሁ። በማልታም በካሌያ ስም የተቋቋመው በጎ አድራጎት ድርጅት ወጣት ባለ ተሰጥዎችን ስለሚረዳ መጠየቁ አይጎዳም።

ሁለተኛ ሥራው። ማልታ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ዘፋኝ ቀጥሮ የሚያኖር የኦፔራ ቤት ስለሌለ፣ በዚያ የቀረ ዘፋኝ ማስተማርን፣ የሠርግና የቤተ ክርስቲያን ዝማሬን፣ አልፎ አልፎም ኮንሰርትን አዳምሮ ይኖራል። ጀርመን ውስጥ ግን የራሳቸው ቋሚ ዘፋኞች ያሏቸው 80 ያህል ቤቶች አሉ። ቋሚ ቅጥር ያገኘች ሜዞ በአንድ የሥራ ዓመት ስድስት ወይም ሰባት ክፍል ልትይዝ ትችላለች፤ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ በ2023 2,715 ዩሮ ነበር። ብዙ አይደለም፤ ውሉም በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ የማይታደስ ከሆነ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ሊነገራት ይገባል። በእኛ ቤት ኦክቶበር እስኪያልፍ ትልቅ ዕቃ አይገዛም።

በሙያው ለሚያስቡ ሁሉ አንድ መልካም ነገር ልናገር። በየኦዲሽኑ (ለቲያትር ሥራ በሚሰጠው የድምፅ ፈተና) የሚሰለፉት ሶፕራኖዎች በቁጥር ከሜዞዎች እጅግ ይበልጣሉ። ለሜዞ ትልልቅ ክፍሎች ባይበዙም፣ በ«ትራቪያታ» ፍሎራ፣ በ«ካርመን» መርሴዴስ፣ በ«አስማታዊው ዋሽንት» ሦስተኛዋ እመቤት፣ በ«ሃንዘልና ግሬትል» ሃንዘል የሚባሉ ወጣት ሜዞን የሚያኖሩ ክፍሎች በየዓመቱ ይመጣሉ።

እናት ዘማልታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የጻፋችሁትን ሁሉ በምሽት ፈረቃ እያነበብኩ ማስታወሻ ይዣለሁ። ለልጄም አነበብኩላት። ከሁሉ ያስደሰታት ስለ መዝሙሩ የተጻፈው ነው።

ሁለት ነገር ግን አሳስቦናል። ኬሩቢኖ እና ሃንዘል ወንዶች ናቸው አሉ፤ ሴት ልጅ ወንድ ሆና መጫወቷ ለምንድን ነው? ሁለተኛው ደግሞ፣ የሦስቱ ከተሞች ነዋሪ ስለ «አይዳ» የጻፉትን ስታነብ ዐይኗ በራ፤ «የኢትዮጵያዊቷን ክፍል እዘፍናለሁ» ብላ ፈልጋ ስታገኘው ለሶፕራኖ የተጻፈ ሆኖ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ ዝም ብላለች። ድምፅዋን በሥልጠና ወደ ሶፕራኖ መለወጥ ይቻላል?

አልቶ ከሽቱትጋርት

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ኬሩቢኖ ገና ድምፁ ያልጎረመሰ ልጅ በመሆኑ ሞዛርት በ1786 ለሴት ድምፅ ጻፈው፤ ከእርሱ በፊትም በኋላም አቀናባሪዎች ወጣት ወንዶችን ለሜዞ ሰጥተዋል። ሱሪ ለብሳ፣ እንደ ጎረምሳ መራመድን ትማራለች፤ የትወና ትምህርቱ ትልቅ ክፍል ነው፤ የወጣት ሜዞ እንጀራም በአብዛኛው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ግን በቀስታ ሊነገራት የሚገባ ነው። ድምፅ ስለ ተፈለገ ብቻ አይለወጥም። አንዳንድ ሜዞዎች በኋለኛ ዕድሜያቸው ወደ ሶፕራኖ ተሻግረዋል፤ ይሁን እንጂ የሚወሰነው ድምፁ የሚመቸው የት እንደሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ሳይደክም የሚውለው የት እንደሆነ ታይቶ ነው፤ ይህም በ17 ዓመት አይታወቅም። አሠልጣኟ «ሜዞ» ስትል ለጊዜው ነው፤ በ22 ዓመቷ ሌላ ልትል ትችላለች።

ነገር ግን ልጅሽ ስለ «አይዳ» ያላነበበችው አለ። በ1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ጀምሮ ያ ኦፔራ የሁለት ሴቶች ነው። የግብፁ ንጉሥ ልጅ አምኔሪስ ለሜዞ የተጻፈች ናት። በአራተኛው ገቢር ላይ፣ የምትወደውን ሰው ካህናቱ ከመሬት በታች ሲፈርዱበት፣ እርሷ ከላይ ብቻዋን ቆማ ትሰማለች። ሦስት ጊዜ ይጠሩታል፤ ሦስት ጊዜ አይመልስም፤ በየመካከሉ የእርሷ ጩኸት ይገባል። በቅናት ለሞት ያበቃችው ራሷ ናት። እኔ በኮረሱ ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ ይህንን ትዕይንት ብዙ ምሽት ሰምቼዋለሁ፤ አይዳን የዘፈነችው የቱንም ያህል ብታምር፣ ያን ምሽት ሰዉ ይዞት የሚወጣው የሜዞዋን ድምፅ ነው። ልጅሽ አትዝፈነው፤ እስከ 35 ዓመቷም አትንካው። ኖታውን ይዛ ብታዳምጥ ግን ምንም አይጎዳትም።

የሦስቱ ከተሞች ነዋሪ

በማልታ መድረክ ላይ በ1877 የተሰማው ያ ትዕይንት ነው ማለት ነው። አላሰብኩትም ነበር። አመሰግናለሁ።

እናት ዘማልታ

ከአምስት ወር በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ውድድሩን ትተነዋል። አሠልጣኟ የኬሩቢኖን ሁለተኛ አሪያ ሰጥታት፣ ኖታው ላይ የትንፋሽ ቦታዎችን በእርሳስ ምልክት እያደረገች ታስጠናታለች፤ እኔም ምልክቶቹን ማንበብ ስለቻልኩ፣ ሳትተነፍስ ስታልፍ ከማድ ቤት ሆኜ አውቃለሁ። የጀርመንኛ ትምህርት ጀምራለች። የዜግነቱን ወረቀት እያስጨረስኩ ነው።

በኦክቶበርም ጎዞ ሄድን። ከኮረሱ መካከል አንዲት ጠና ያሉ ሴት ነበሩ፤ ከሰዓት በፊት በዚያው መንገድ ውኃና ዳቦ የሸጡልን ባለ ሱቅ ናቸው። ልጄ ናት አስቀድማ ያወቀቻቸው። መጋረጃው ሲዘጋ ልጄ ወጥታ ከኋላ በር ጠበቀቻቸውና በማልትኛ የየትኛው ድምፅ ክፍል እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። ሜዞ ነኝ አሏት፤ በዚህ ኮረስ 30 ዓመት ዘፍኛለሁ ብለው ልምምዱ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ እንደሆነ ነገሯት። ጀልባው ሊያመልጠን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረን ነው ከዚያ የተነሣነው።